ሁለቴ መለካትና በሁለት መንገድ መለካት

ኦፔራ ስለተባለው የፊዚክስ ሙከራ ባሰብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ውጤቱን ያሳሳተው የላላ ገመድ አይደለም። ገመድ ይላላል፤ ያለ ነው። የሚከነክነኝ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ተመራማሪዎቹ የራሳቸውን ውጤት ተጠራጠሩ፤ ከበፊቱ በጣም የጠራ ዘዴ ቀየሱ፤ ልኬቱን እንደ አዲስ ደገሙት። መልሱ ግን ያው ሆነ። ስሕተቱ ድጋሚ ፈተናውን አለፈ፤ እንዲያውም ከፈተናው ተጠናክሮ ወጣ። ደግሞ መለካት ማጣራት ለሚመስለን ሰዎች ይህ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ዜናውን ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2011 የኦፔራ ቡድን፣ ጄኔቫ አጠገብ ካለው ሰርን ከተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ተነሥተው በጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ወዳለው ላቦራቶሪ የሚጓዙ፣ ኒውትሪኖ የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከብርሃን በ60.7 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ቀድመው ሲደርሱ እንዳገኛቸው አስታወቀ። ርቀቱ 730 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርሃን ይህን ለመጨረስ 2.4 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ቡድኑ ትርጉም ከመስጠት ተቆጥቦ ሌሎች እንዲመረምሩት ጠየቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጥፋቱ ተገኘ፤ ሁሉም "ለካ የላላ ገመድ ነው" ብሎ አለፈ። እኔ ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ላይ መቆየት እፈልጋለሁ።

20 ኒውትሪኖዎች

ሰርን ውስጥ በ400 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት የሚበሩ ፕሮቶኖች የግራፋይት ዒላማ ይመታሉ። ከግጭቱ ፓዮንና ካዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይወጣሉ፤ እነዚህም 1 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ውስጥ እየበረሩ ሲፈርሱ ኒውትሪኖ ይሰጣሉ። ኒውትሪኖን ድንጋይ አያግደውም፤ ምድርን ሰንጥቆ ግራን ሳሶ ይደርሳል። በመጀመሪያው ልኬት ፕሮቶኖቹ የሚለቀቁት 10.5 ማይክሮሰከንድ በሚረዝም ጅረት ነበር። የጅረቱ ርዝመት ብቻውን ከሚፈለገው ልዩነት ከ170 ጊዜ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። የትኛው ኒውትሪኖ ከየትኛው ፕሮቶን እንደተወለደ ማወቅ ስለማይቻል፣ ወደ 16,000 የሚጠጉ ኒውትሪኖዎች የደረሱበትን ሰዓት ደረደሩ። ድርድሩ የሠራውን ቅርጽ ከፕሮቶኑ ጅረት ቅርጽ ጋር አነባበሩና አንዱ በሌላው ላይ እንዲገጥም ምን ያህል መንሸራተት እንዳለበት አሰሉ።

የብዙ ተቺዎች ዓይን ያረፈውም እዚህ ማነባበር ላይ ነበር። የጅረቱ ፊትና ኋላ ጥቂት ተዛብቶ ከተለካ የሁሉም ነገር ሚዛን ይዛባል። ጥርጣሬው ተገቢ ነበር፤ ቡድኑም በቁም ነገር ወሰደው። በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር መጀመሪያ 2011 ሰርን ፕሮቶኖቹን እያንዳንዱ 3 ናኖሰከንድ ብቻ በሚረዝም ቁራጭ፣ በቁራጭና በቁራጭ መካከል 524 ናኖሰከንድ እየተወ ለቀቀላቸው። አሁን ማነባበር ቀረ፤ እያንዳንዱ ኒውትሪኖ ከየትኛው ቁራጭ እንደተወለደ በግልጽ ይታወቃል። 20 ኒውትሪኖዎች ተያዙ። አማካዩ 62.1 ናኖሰከንድ ሆነ።

ያን ቀን በእርግጥ የተረጋገጠው አንድ ነገር ነው፦ ጥፋቱ የጅረቱ ቅርጽ ላይ አይደለም። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ አላሳንሰውም። ነገር ግን "ጥፋቱ እዚህ የለም" የሚለውን "ጥፋት የለም" ብሎ ማንበብ እጅግ ቀላል ነው። አዲሱ ልኬት የቀየረው መነሻውን ነው። መድረሻው አልተነካም፤ ያው ሰዓት፣ ያው ሳጥን፣ ያው ገመድ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሮቹ ሁሉ የታሰሩት በአንድ ካስማ ላይ ከሆነ ግን የሚወሰነው በድሩ ብዛት ሳይሆን በካስማው ነው። 16,000ዎቹም 20ዎቹም የመድረሻ ሰዓታቸውን ያነበቡት ከአንድ ገመድ ነበር። ብዙ ጊዜ መለካት ወዲህና ወዲያ የሚዋዥቅ ስሕተትን ያጠባል፤ ልኬቱ አራት እጥፍ ሲሆን መዋዠቁ በግማሽ ይቀንሳል። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያደላን ስሕተት ግን ሚሊዮን ጊዜ ቢደግሙት አያጠበውም።

ብርሃን ሲደክም ሰዓት ይዘገያል

የቡድኑ ጥንቃቄ የሚያስከብር ነበር። ርቀቱን በ20 ሴንቲ ሜትር ትክክለኛነት ለክተዋል፤ ብርሃን በ1 ናኖሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚሄድ ይህ ከ1 ናኖሰከንድ በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ላኩዊላን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ላቦራቶሪውን በ7 ሴንቲ ሜትር እንዳንቀሳቀሰው ሳይቀር በመረጃቸው ውስጥ ታይቷል። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት የጂፒኤስ መቀበያና የሲዚየም አቶሚክ ሰዓት ተክለዋል። የስዊዘርላንድ የልኬት ተቋም አስተካክሎላቸዋል፤ የጀርመኑ አቻው ደግሞ በራሱ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ አረጋግጦላቸዋል።

የጂፒኤስ ምልክት ግን 1,400 ሜትር ድንጋይ አልፎ አይገባም። ስለዚህ ሰዓቱ ከምድር ገጽ ወደ ላቦራቶሪው የሚወርደው 8.3 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ነው። የብርሃን ምት ይላካል፤ በገመዱ ጫፍ ያለ ኮኔክተር ብርሃኑን ለፎቶዳዮድ ያቀብላል፤ ፎቶዳዮዱ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ዋናው ሰዓት ያንን ምት ሲያይ ይነሣል። ምቱ ገመዱን ለማቋረጥ 41 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ይህ መዘግየት ከዓመታት በፊት ተለክቶ በስሌቱ ውስጥ ገብቷል።

የላላ ገመድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሚቋረጥ ምልክት ነው። ቢቋረጥ ኖሮ በዚያው ቀን ይታወቅ ነበር። ይህኛው አልተቋረጠም። ለረጅም ርቀት በሚያገለግል ፋይበር ውስጥ ብርሃኑ የሚያልፍበት መሐል 9 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ይሰፋል። ኮኔክተሩ እስከ መጨረሻው ካልጠበቀ የሁለቱ ጫፎች መጋጠም ይዛነፋል፤ ብርሃኑ ያልፋል፣ ግን ደክሞ ያልፋል። ፎቶዳዮዱ ላይ የሚወድቀው ብርሃን ሲያንስ ቮልቴጁ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሰዓቱን የሚያስነሣው ደግሞ ቮልቴጁ የተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ነው። ጠንካራው ምት ያንን ደረጃ ወዲያው ያልፈዋል፤ ደካማው ዘግይቶ ይደርስበታል። መዘግየቱ 73 ናኖሰከንድ ገደማ ሆነ። ከመሬት በታች ያለው ሰዓት በዚያ ያህል ዘግይቶ ስለተነሣ የሚያሳየው ቁጥር ከእውነተኛው ሰዓት ያንሳል፤ ኒውትሪኖው በሰዓቱ ሲደርስ ቀድሞ የደረሰ ተብሎ ይመዘገባል።

ሁለተኛ ጥፋትም ነበረ። በሁለት የሰዓት ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ የሚቆጥረው ኦሲሌተር ከተባለለት ፍጥነት በጥቂቱ ያፈነግጥ ነበር። ቆጠራው በየ0.6 ሰከንዱ እንደገና ስለሚጀምር ያቺ ትንሽ መዛነፍ በየዙሩ ትጠራቀማለች። ውጤቷ በአማካይ 15 ናኖሰከንድ ገደማ፣ አቅጣጫዋም የገመዱ ተቃራኒ። 73 ሲቀነስ 15፣ 58 ይሆናል። ቡድኑ በኖቬምበር ስሌቱን አርሞ ያወጣው ቁጥር 57.8 ነበር።

እኔን የበለጠ የሚያስተምረኝ የስሕተት ሰንጠረዣቸው ነው። ሥርዓት ያለው ስሕተት፣ ማለትም ወደ አንድ ወገን የሚያደላው፣ በድምሩ 7.4 ናኖሰከንድ ተብሎ፣ ደርዘን በሚሆኑ መስመሮች ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ትልቁ 5 ናኖሰከንድ የተያዘለት የፕሮቶኑን ጅረት የሚለካው መሣሪያ ነው። የፋይበሩ ገመድ የተያዘለት 1 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። ያ 1 ናኖሰከንድ ውሸት አልነበረም፤ ገመዱ በተለካበት ቀን እውነት ነበር። ግን ሰንጠረዡ "ከዚያ ቀን ወዲህ ማን ነካው?" ብሎ አይጠይቅም። የሰው ዓይንም በተፈጥሮው ትልቁን ቁጥር ይከተላል፤ የኖቬምበሩ ድጋሚ ልኬት ያተኮረው በትልቁ መስመር ላይ ነበር፣ ጥፋቱ ከትንንሾቹ በአንዱ ውስጥ ተቀምጦ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የሰዓት ምት በፋይበር ለሚያጓጉዝ ሰው መታጠቂያው ውስብስብ አይደለም። መዘግየቱን በሁለት አቅጣጫ መለካት ነው፤ ምቱን ወደ ታች ልኮ በሌላ ፋይበር መመለስ፣ ቀጥሎ የሁለቱን ፋይበሮች ሚና ማቀያየር። ተንቀሳቃሽ የአቶሚክ ሰዓት ይዞ ወርዶ በቦታው ማስተያየት ሁለተኛው ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሦስተኛው ነው፦ በጫፉ ላይ የሚደርሰውን የብርሃን ጉልበት በመለኪያ ማንበብና ከቀኑ ጋር መመዝገብ። የብርሃኑ ጉልበት ባለፈው ወር ከነበረው ከወረደ፣ ሰዓቱ ትክክል ቢመስልም አንድ ነገር ተነካክቷል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ብርሃኑን ሆን ብሎ በተወሰነ መጠን አድክሞ ሰዓቱ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ማየት ይገባል። ከተንቀሳቀሰ፣ መቀበያው ለብርሃን ጉልበት ስሜት እንዳለው ታወቀ፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ኮኔክተር የነካ ሁሉ ልኬቱን እንደገና ማድረግ አለበት።

ከጎን የገቡት ሚዩዮኖች

ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ አንድ ከባድ ጥያቄ ቀረ። ገመዱ ከመቼ ጀምሮ ነው የላላው? የተፈታው ትናንት ከሆነ የሦስት ዓመቱ መረጃ ንጹሕ ነው፤ ውጤቱም ይቆማል።

መልሱ የመጣው ማንም ካላሰበበት ጎን ነው። በዚያው ላቦራቶሪ፣ ከኦፔራ 160 ሜትር ገደማ ርቆ፣ ኤልቪዲ የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ። ሥራው ከኮከብ ፍንዳታ የሚመጡ ኒውትሪኖዎችን መጠበቅ ነው፤ ከኦፔራ ጋር በሰዓት ገመድ አይገናኝም። ከሰማይ የሚወርዱ፣ ሚዩዮን የሚባሉ ቅንጣቶች አብዛኞቹ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያልፉት፤ ተራራው ሸለቆ ባለበት ወገን ግን አልፎ አልፎ አግድም የሚመጣ ሚዩዮን ሁለቱንም መሣሪያዎች ወግቶ ያልፋል። ከ2007 እስከ 2012 ድረስ እንዲህ ያሉ 306 ሚዩዮኖች ተቆጠሩ፤ በሳምንት አንድ ገደማ። በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ቋሚ መሆን ነበረበት። አልነበረም። ከ2008 አጋማሽ እስከ 2011 መጨረሻ ባለው ጊዜ በ73 ናኖሰከንድ ተንሸራቶ ቆይቶ፣ ገመዱ ሲጠብቅ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይህ ነው ከራሴ የማይወጣው። ምስክሩ ለሦስት ዓመት ዲስክ ላይ ተቀምጦ ነበር። አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ገንዘብ፣ ከሰርን አዲስ ጅረት አላስፈለገውም። ያስፈለገው በሌላ ገመድ ላይ ያለን ሰዓት አጠገቡ አስቀምጦ የማስተያየት ሐሳብ ብቻ ነበር።

በማርች 2012 ደግሞ በዚያው ላቦራቶሪ ያለው ኢካሩስ የተባለ ሌላ መሣሪያ፣ በእነዚያው የኖቬምበር ጅረቶች የያዛቸው 7 ኒውትሪኖዎች በብርሃን ፍጥነት እንደደረሱ አሳወቀ። 7 ብቻ! ከ16,000ዎቹ ይልቅ ክርክሩን የዘጉት እነሱ ናቸው፤ የገመዱ ጥፋት ባይታወቅ እንኳ ይበቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ቀደም ብሎም ከሰማይ የመጣ ምስክር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1987 ከምድር 168,000 የብርሃን ዓመት ርቆ ከፈነዳው ኮከብ የመጡ ኒውትሪኖዎች ብርሃኑን የቀደሙት በ3 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያም ብርሃኑ ከኮከቡ ሆድ ለመውጣት ስለሚዘገይ ነው። በኦፔራ ፍጥነት ቢጓዙ ኖሮ ከ4 ዓመት በላይ ይቀድሙ ነበር። የእነዚያ ጉልበት ከሰርኖቹ በጣም ያነሰ ስለሆነ ምስክርነቱ ሙሉ አልነበረም፤ ቢሆንም ጥርጣሬን ለማጽናት በቂ ነበር።

ምድጃው ውስጥ አብሮ የበሰለው

የገመዱ ነገር የሰዓት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አቆም ነበር። በጁላይ 2023 ኤልኬ-99 የተባለው ቁስ ሲታወጅ ግን ያው ነገር ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ። የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ይህ ቁስ በክፍል ሙቀት፣ ያለ ምንም ጫና ኤሌክትሪክን ያለ እክል እንደሚያሳልፍ፣ ማለትም ሱፐርኮንዳክተር እንደሆነ ተናገሩ። አሠራሩ ቀላል ነበር። የእርሳስ ኦክሳይድና የእርሳስ ሰልፌት ተደባልቀው በ725 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ይጋገራሉ፤ መዳብና ፎስፈረስ ለብቻ በ550 ዲግሪ ለ48 ሰዓት፤ ከዚያ ሁለቱ ተፈጭተው፣ አየር በወጣለት የታሸገ ቱቦ ውስጥ በ925 ዲግሪ ከ5 እስከ 20 ሰዓት ይቆያሉ።

ላቦራቶሪዎች በየአገሩ ደገሙት። አንዳንዶቹ ማግኔት ላይ ብድግ የሚል ቁራጭ አገኙ፤ አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ እክሉ በድንገት ሲወርድ አዩ። "ተደገመ" ተባለ። እዚህ ላይ የኬሚስቱ ዓይን ከፊዚክስ ሰው ዓይን ይለያል። ሰልፌት ውስጥ ድኝ አለ፤ በሌላው ወገን መዳብ አለ። ሁለቱ በምድጃው ውስጥ ሲገናኙ የመዳብ ሰልፋይድ ይወጣል፤ አሠራሩ ራሱ ይወልደዋል። የመዳብ ሰልፋይድ ደግሞ በ104 ዲግሪ ገደማ የውስጥ አደረጃጀቱን ይለውጣል፤ በዚያች ቅጽበት የኤሌክትሪክ እክሉ ብዙ እጥፍ ይወርዳል። ኤልኬ-99 "ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበት" ተብሎ የተጠቀሰው ሙቀት 104.8 ዲግሪ ነበር።

አሠራሩን በታማኝነት የደገመ ሁሉ ጥፋቱንም በታማኝነት ደገመ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መልሱ የመጣው ምንጩን ከቀየሩት ነው። ሽቱትጋርት ባለው የማክስ ፕላንክ ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች በሌላ ዘዴ፣ የሰልፋይድ ቅይጥ የሌለበት አንድ ወጥ ክሪስታል አሳደጉ። ሐምራዊ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሆኖ አረፈው።

1.7 ሰከንድ

በተቃራኒው፣ ሁለት መንገድ አስቀድሞ ሲዘጋጅ ምን እንደሚመስል ያየሁት በስበት ሞገዶች፣ ማለትም ግዙፍ አካላት ሲጋጩ በሕዋ በሚነሡ ሞገዶች ልኬት ነው። ኦገስት 17 ቀን 2017 በአሜሪካ ሃንፎርድ ያለው፣ ላይጎ የሚባለው የስበት ሞገድ መሣሪያ፣ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች እየተጠማዘዙ ሲጋጩ የሚሰጡትን ምልክት መዘገበ። ከእሱ 3,000 ኪሎ ሜትር የሚርቀው የሊቪንግስተኑ አቻ ግን ዝም አለ። ከግጭቱ 1.1 ሰከንድ ቀደም ብሎ በመሣሪያው ውስጥ የተፈጠረ ብልጭታ ልኬቱን ከአቅም በላይ ስላደረሰው፣ ኮምፒዩተሩ መረጃውን በራሱ ወደ ጎን ጥሎት ነበር። እንዲህ ያለ ብልጭታ በየመሣሪያው በየጥቂት ሰዓቱ ይከሰታል።

በኦፔራ ጊዜ የጎደለው በዚህ ጊዜ ነበረ። ፌርሚ የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ፣ ከላይጎ ምንም ሳይሰማ፣ ግጭቱ ካለፈ 1.7 ሰከንድ ቆይቶ የጋማ ጨረር ፍንጥቅታ አየ። ያ ማሳሰቢያ ስለነበረ ሰዎች የሊቪንግስተንን መረጃ ከፍተው በዓይናቸው ተመለከቱ፤ ምልክቱ ከብልጭታው ሥር ወለል ብሎ ይታይ ነበር። የተበላሸችውን ቅንጣት ጊዜ ቆርጠው አወጧት። ጣሊያን ያለው ሌላው የስበት ሞገድ መሣሪያ ቪርጎ በበኩሉ ምልክቱን አላየውም ማለት ይቻላል፤ አለማየቱ ራሱ መረጃ ሆነ፤ ግጭቱ የተከሰተው መሣሪያው ደካማ በሆነበት አቅጣጫ ነው ማለት ነውና። ሦስቱ ተደምረው ግጭቱ የሚፈለግበትን የሰማይ ስፋት ወደ 28 ስኩዌር ዲግሪ አጠበቡት። ከግጭቱ 11 ሰዓት ገደማ በኋላ ቺሊ ያለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ፣ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ ባለ ጋላክሲ ውስጥ አዲስ የብርሃን ነጥብ አገኘ።

ይህም እንደ ኦፔራ ሁሉ የሩጫ ውድድር ነው። የስበት ሞገድና ብርሃን 130 ሚሊዮን ዓመት ሮጠው በ1.7 ሰከንድ ልዩነት ገቡ፤ የፍጥነታቸው ልዩነት ቢኖር እንኳ ከሚሊዮን ቢሊዮን ጥቂት እጅ አይበልጥም። ሁለቱም መሣሪያዎች ሰዓታቸውን ከጂፒኤስ እንደሚወስዱ አልዘነጋሁም፤ በዚያ በኩል የጋራ ካስማ አለ። ነገር ግን 1.7 ሰከንድ ከ73 ናኖሰከንድ ከ23 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ የላላ ኮኔክተር የሚፈጥረው መጠን አይደለም።

ታዲያ 1.7 ሰከንዱ ከየት መጣ? ጨረሩ ከግጭቱ ፍርስራሽ ሰብሮ ለመውጣት የፈጀበት ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ከግጭቱ በኋላ ጨረሩ እስኪወለድ የነበረው ቆይታም ሊሆን ይችላል፤ በጣም ጠባብ በሆነ ዕድል ደግሞ በመንገድ ላይ የነበረ የፍጥነት ልዩነት ሊሆን ይችላል። የመጨረሻውን ከፊተኞቹ ለመለየት ያንኑ ግጭት ደጋግሞ ማስላት አይጠቅምም። የሚያስፈልገው በሌላ ርቀት ላይ የተከሰተ ግጭት ነው። መዘግየቱ በመነሻው ላይ የተፈጠረ ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ቢሆን አብሮ አያድግም፤ በመንገድ ላይ የተፈጠረ ከሆነ 1.7ቱ ወደ 3.4 ይሄዳል።